«ስኳር ያወርዳል» ማለት ምን ማለት ነው? የስኳር ሕመም መድኃኒቶችን አሠራር ስለምንገልጽበት ቋንቋ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

መግቢያ

በስኳር ሕመም ክትትል ክፍሎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚሰማው ማብራሪያ አጭር ነው፤ «ይህ መድኃኒት ስኳርዎን ያወርድልዎታል» የሚል። ሜትፎርሚን ሲታዘዝም፣ ግሊቤንክላማይድ ሲታዘዝም፣ ኢንሱሊን ሲጀመርም የሚነገረው ቃል አንድ ነው። አባባሉ ሐሰት የለበትም፤ ሦስቱም በደም ውስጥ ያለውን የግሉኮስ መጠን ይቀንሳሉና። ይሁን እንጂ አንድ አባባል እውነት መሆኑ ብቻ ለሕሙሙ የሚበቃ ዕውቀት አያደርገውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን የተለመደ ማብራሪያ መመርመር፣ ጉድለቱ ከየት እንደሚመነጭ ማሳየትና በምትኩ ሊነገር የሚገባውን መጠቆም ነው። የመከራከሪያው ነጥብ የሚከተለው ነው፦ «ያወርዳል» የሚለው ቃል የምርመራው ቁጥር ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ መድኃኒቱ በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ እንደሚሠራ አይናገርም፤ የሕሙሙ ደኅንነት የሚወሰነው ግን በዚህ በሁለተኛው ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ

በአማርኛ «ስኳሩ ወረደ» የሚለው አነጋገር ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይገልጻል። ከፍ ብሎ የቆየ የስኳር መጠን በሕክምና ወደሚፈለገው ልክ ሲመለስ «ስኳርዎ ወርዷል፤ በርቱ» እንላለን። ሕሙሙ በላብ ተጠምቆ፣ እየተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ስቶ በቤተ ሰቡ ታዝሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣም ቤተ ሰቡ የሚናገረው «ስኳሩ ወርዶበት ነው» በማለት ነው። የመጀመሪያው የምሥራች፣ ሁለተኛው መርዶ ነው፤ ግሡ ግን አንድ ነው። ልዩነቱን የምትሸከመው «በት» የምትለዋ አነስተኛ ምዕላድ ብቻ ናት።

ኅብረ ቃል በቅኔ ቤት የሚደነቅ ጥበብ ነው። ሁለት ፍቺ ያለው ቃል በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ ሲገኝ ግን ውጤቱ የተለየ ነው። መድኃኒቱ «የሚያወርድ» እንደሆነ የተነገረው ሕሙም፣ ስኳር «መውረድ» ራስን እስከ መሳት እንደሚያደርስም ከጎረቤቱ ሰምቷል። በመሆኑም ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ መድኃኒቱን ሁሉ ይፈራል፤ በጾም ቀን፣ ምግብ ባነሰ ጊዜ፣ በድካም ሰዓት ሜትፎርሚኑንም ጭምር ይተዋል። ወይም ምንም አይፈራም፤ ቁጥሩ እስከወረደ ድረስ መልካም ነው ብሎ ግሊቤንክላማይዱን በባዶ ሆዱ ይውጣል። ሁለቱም ስሕተቶች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ አሠራራቸው የተለያየ መድኃኒቶች በአንድ ግሥ ከመጠራታቸው።

ግሊቤንክላማይድ፦ ጉዳቱ አስቀድሞ የታወቀ መድኃኒት

የሰልፎኒልዩሪያ ቤተ ሰብ መድኃኒቶች ታሪክ ለዚህ መከራከሪያ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በፈረንሳይ ሀገር በሞንፔልዬ ከተማ ማርሴል ዣንቦን የተባሉ ሐኪም ለታይፎይድ ሕሙማን አንድ አዲስ የሰልፎናማይድ መድኃኒት ሲሰጡ፣ በሕሙማኑ ላይ ያልተጠበቀ የስኳር ማነስ ምልክት ተመለከቱ። ጉዳዩን ተከታትሎ የመረመረው ኦገስት ሉባቲዬር ቆሽታቸው በወጣ እንስሳት ላይ መድኃኒቱ ስኳርን መቀነስ እንደማይችል አሳየ። እንግዲህ የዚህ መድኃኒት ቤተ ሰብ ከመጀመሪያው የታወቀው በጉዳቱ በኩል ነበር፤ የሥራ ቦታውም ቆሽት መሆኑ ያኔውኑ ተገልጧል።

ዛሬ ዝርዝሩ በሚገባ ይታወቃል። ኢንሱሊን አመንጪ በሆኑት የቆሽት ቤታ ሕዋሳት ሽፋን ላይ የፖታሲየም መተላለፊያ በሮች አሉ። በተፈጥሮ ሥርዓት ግሉኮስ ወደ ሕዋሱ ገብቶ ሲቃጠል ኤቲፒ ይጨምራል፤ በሮቹ ይዘጋሉ፤ የሽፋኑ የኤሌክትሪክ ሚዛን ይለወጣል፤ ካልሲየም ይገባል፤ ኢንሱሊንም ይለቀቃል። ይህ ሥርዓት ጥበበኛ የሚሆነው መነሻው ምግብ ስለሆነ ነው፤ ግሉኮስ ከሌለ በሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ኢንሱሊንም ይታገዳል። ግሊቤንክላማይድ ግን ከበሩ አጠገብ ባለው ተቀባይ ላይ ተጣብቆ፣ ግሉኮስ ቢኖርም ባይኖርም፣ በሩን ራሱ ይዘጋዋል። ቆሽቱ «ምግብ መጥቷል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ሆዱ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል።

የዚህ መድኃኒት አደጋ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሥራው ከአንድ ቀን ሙሉ ሊዘልቅ ይችላል፤ በጉበት ተለውጦ የሚገኙት ውጤቶቹም የመሥራት ኃይል ስላላቸው፣ ኩላሊታቸው በደከመ ሕሙማን ላይ ተጠራቅመው የስኳር ማነሱን ያራዝሙታል። በዚህም ምክንያት የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግሊክላዛይድን ከዚህ ቤተ ሰብ መርጦ፣ ግሊቤንክላማይድ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የማይስማማ መሆኑን አስፍሯል። በዚህ መድኃኒት ሰበብ ስኳሩ አንሶ የመጣ ሕሙም ግሉኮስ ተሰጥቶት ቢነቃም ወዲያው ወደ ቤቱ ሊሸኝ የማይገባው ስለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ገና በሥራ ላይ ነውና ስኳሩ ተመልሶ ሊያንስ ይችላል፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ክትትል ያስፈልገዋል።

ሜትፎርሚን፦ ከጉበት ላይ የሚሠራ

ሜትፎርሚን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1922 በደብሊን ከተማ በኬሚስቶቹ ኤሚል ቬርነርና ጄምስ ቤል ነው። ለስኳር ሕመም መድኃኒትነት ማዋሉን በጽሑፍ ያሳወቀው ግን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1957 ነበር። ፌንፎርሚን የተባለው ዘመዱ ላክቲክ አሲዶሲስ በማስከተሉ እ.ኤ.አ. በ1977 ከአሜሪካ ገበያ ሲወጣ፣ ጥላው በሜትፎርሚንም ላይ አርፎ ስለነበር፣ በዚያ ሀገር ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ላይ ነው።

ይህ መድኃኒት ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያፈልቅ አያስገድድም። ዋናው የሥራ ቦታው ጉበት ነው። ጤነኛ ጉበት ሌሊት፣ ሰውየው ተኝቶ ሳለ፣ አንጎል እንዳይራብ ግሉኮስ እየሠራ ወደ ደም ይለቃል፤ ምግብ ሲበላና ኢንሱሊን ሲጨምር ደግሞ ሥራውን ይቀንሳል። በዓይነት 2 የስኳር ሕመም ጉበት ይህንን ትእዛዝ በሚገባ አይሰማም፤ ደሙ በግሉኮስ ተሞልቶ ሳለ እንደ ተራበ ሰው ጉበት ይሠራል። ራት ሳይበሉ ያደሩ ሕሙማን «ምንም ሳልቀምስ ስኳሬ እንዴት ከፍ አለ?» ብለው የሚደነቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሜትፎርሚን ይህንን ከልክ ያለፈ ምርት ይቀንሳል። በአንጀት ግድግዳ ላይም ሥራ እንዳለው የታወቀ ሲሆን፣ ጡንቻ ግሉኮስን እንዲወስድ የሚያደርገው እገዛ መጠነኛ ነው።

ጉበት ከልክ በላይ የሚያመርተውን መቀነስና ቆሽትን ያለጊዜው ማስጨነቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስኳሩ ሲቀንስ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ሳይታወክ ስለሚቆይ፣ ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ የከፋ የስኳር ማነስ የሚያስከትለው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ከኢንሱሊን ወይም ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲጣመር ግን ይህ ዋስትና ይቀራል፤ ስለዚህ ሕሙሙ የሚወስደውን ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚወስደውንም ማወቅ ግድ ይሆናል።

ጥቅሙ በቁጥር ብቻ የሚለካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የታተመው የእንግሊዝ ታላቅ የስኳር ሕመም ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 342 ሕሙማንን በሜትፎርሚን ሲያክም፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ከስኳር ሕመም ጋር የተያያዘ ሞት በ42 በመቶ፣ ከማንኛውም ምክንያት የሚመጣ ሞት ደግሞ በ36 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ይህንን ጥቅም «ስኳርን ያወርዳል» የሚለው ቃል ሊሸከመው አይችልም።

የዕውቀታችን ድንበር የት ነው?

ትችቱ በክትትል ክፍል ውስጥ ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም፤ በማስተማሪያ ክፍልም ተመሳሳይ ጉድለት አለ። ለተማሪዎች የሜትፎርሚን አሠራር ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀስት ይደመደማል፤ «ሜትፎርሚን ኤኤምፒኬን ያነሣሣል፤ ኤኤምፒኬም የግሉኮስን ምርት ይቀንሳል» ይባላል። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የተለያዩ ጥናቶች ሜትፎርሚን በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኮምፕሌክስ 1 የተባለውን የኃይል ማመንጫ ክፍል እንደሚያዳክም አመለከቱ። በዓመቱ የኤኤምፒኬ ሐሳብ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ጉበታቸው ይህ ኢንዛይም የሌለው አይጦችም ለመድኃኒቱ ምላሽ እንደሚሰጡ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ መድኃኒቱ የግሉካጎንን መልእክት እንደሚያደናቅፍ ተገለጸ። ከዚህም በላይ በቤተ ሙከራ የተጠቀሙበት መጠን ብዙ ጊዜ በሕሙማን ደም ውስጥ ከሚገኘው እጅግ የበዛ ነበር።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። መድኃኒቱ በሞለኪውል ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ አሁንም ክርክር አለ፤ በአካል ክፍል ደረጃ ግን ጉበት ዋናው የሥራ ቦታው መሆኑ በሚገባ የተረጋገጠ ነው። ትምህርታችን ብዙ ጊዜ ይህንን ይገለብጠዋል። አከራካሪውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ያስጠናል፤ የተረጋገጠውንና ለሕሙሙ የሚጠቅመውን ግን በጥቂት ቃል ያልፈዋል። ተማሪው ቀስቱን በቃሉ ይዞ ይመረቃል፤ ሕሙሙ «ዛሬ ምሳ ባልበላ ይህንን ክኒን ልዋጠው?» ብሎ ሲጠይቀው ግን ቀስቱ መልስ አይሰጠውም።

ቁጥሩ ወርዶ አደጋው ሲያይል

«መውረድ» ብቻውን መለኪያ ሊሆን እንደማይገባው ይበልጥ የሚያሳዩት አዳዲሶቹ የኩላሊት መድኃኒቶች ናቸው። ኤምፓግሊፍሎዚን፣ ዳፓግሊፍሎዚንና ካናግሊፍሎዚን እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የሥራ ቦታቸው ኩላሊት ሲሆን፣ ተጣርቶ ያለፈው ግሉኮስ ወደ ደም ተመልሶ እንዳይገባ በማገድ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋሉ። በመሆኑም የሕሙሙ ሽንት ሲመረመር ሁልጊዜ ግሉኮስ ይገኝበታል፤ ይህንን ያልተረዳ ባለሙያ ሕክምናው አልሠራም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የከፋው ግን ሌላ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሕሙም ረዥም ጾም ሲጾም፣ ሲያስመልሰው፣ ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ ወይም ኢንሱሊኑን ሲያቋርጥ ኪቶአሲዶሲስ ሊይዘው ይችላል፤ የደሙ ስኳር ግን ያን ያህል ከፍ ላይል ይችላል። መለኪያውን ብቻ የሚያይ ባለሙያ «ስኳሩ ወርዷል» ብሎ ያሰናብተዋል፤ ሕሙሙ ግን ወደ ሞት እየተጓዘ ነው። ቁጥሩን የሚያመልክ ቋንቋ እንዲህ ያለውን አደጋ ለማየት ዓይን አይሰጥም።

በጾም ወቅት የሚገለጥ ልዩነት

በሀገራችን የዚህ ሁሉ ክብደት ጎልቶ የሚታየው በጾም ወራት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዐቢይ ጾምን ለ55 ቀናት ሲጾሙ ብዙዎቹ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይቆያሉ፤ ሙስሊሞች በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት ከምግብም ከውኃም ይታቀባሉ። ለምሳሌ ያህል፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሆነ አንዲት እናት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግሊቤንክላማይድ ውጠው እስከ 9 ሰዓት ቢጾሙ፣ ቆሽታቸው ለ8 ሰዓታት ያህል ለሌለ ምግብ ኢንሱሊን ሲያፈልቅ ይቆያል። ቅዳሴ ላይ ሳሉ ላብ ቢያጠምቃቸውና ቢዝለፈለፉ፣ አካባቢያቸው የጾም ድካም ወይም ሌላ ነገር አድርጎ ሊያየው ይችላል። ኩላሊታቸው ደክሞ ከነበረ ደግሞ አደጋው እጥፍ ይሆናል። እኚሁ እናት የሚወስዱት ሜትፎርሚን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ፍጹም ሌላ በሆነ ነበር፤ ክኒኑን ምግብ ወደሚቀርብበት ሰዓት በማዛወር ብቻ ጾማቸውን በሰላም ሊፈጽሙ ይችሉ ነበር።

ስለዚህ «የስኳር ሕሙም መጾም ይችላል ወይስ አይችልም?» የሚለው ጥያቄ በደፈናው መልስ የለውም። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የሚወስዱት መድኃኒት የሚሠራው የት ነው?» የሚለው ነው። ይህንን ውይይት ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ማካሄድ፣ መድኃኒቱንም መጠኑንም እንደ ሕሙሙ ሁኔታ ማስተካከል የባለሙያው ግዴታ ነው። ሕሙሙ ሳይጠይቅ በዝምታ ጾሞ፣ በዝምታ መድኃኒቱን አቋርጦ ወይም ውጦ ይመጣ ዘንድ መተው አይገባም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው። በአንድ ጠዋት ብዙ ሕሙማን በሚታዩበት ክፍል ስለ ፖታሲየም በሮች ማስተማር የማይቻል መሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን የተጠየቀው ይህ አይደለም። «ያወርዳል» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ራሱን ስቶ የመጣን ሕሙም ሲያስታምሙ ማደር ግን ሌሊቱን ይፈጃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቋንቋው የሕዝብ ነው፣ ሊሻር አይችልም የሚል ነው። ይህም እውነት አለው። ቃሉን መሻር አያስፈልግም፤ ማጣመር ይበቃል። ስኳር ወደሚፈለገው መጠን ሲመለስ «ወደ ልኩ ተመልሷል»፣ ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን ደግሞ «ከልክ በታች ወርዷል» ብንል ሁለቱ ፍቺዎች ይለያያሉ። «ልክ» የሚለው ቃል ሕሙሙ ከላይም ከታችም ድንበር እንዳለ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ «ያወርዳል» የሚለው ግን ወለል የሌለው ጉድጓድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሕሙሙን ማስፈራራት መድኃኒቱን እንዲተው ያደርገዋል የሚል ነው። ተሞክሮ የሚያሳየው ግን ሰው አብዝቶ የሚፈራው ምክንያቱን ያላወቀውን ነገር መሆኑን ነው። አደጋው መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚመስልና በምን እንደሚመከት ያወቀ ሕሙም በመድኃኒቱ ላይ እምነት አለው።

በምትኩ ምን ይባል?

ለግሊቤንክላማይድ የሚከተለው ቃል በቂ ነው፦ «እማማ፣ ይህ መድኃኒት ቆሽትዎን ቀስቅሶ ያሠራዋል። ምግብ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ስለዚህ ሳይበሉ አይዋጡት። ላብ ላብ ካለዎት፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ልብዎ ከመታ ወይም ነገር ከተምታታብዎ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ቀጥሎም ምግብ ይብሉ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይምጡ።» ይህንኑ አብሯቸው ለሚኖር ሰው መንገር ይገባል፤ ስኳሩ ያነሰበት ሰው ራሱን መርዳት ሊሳነው ይችላልና። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም እንዳይሰጡ፣ ፈጥነው እንዲያመጡት ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ለሜትፎርሚን ደግሞ፦ «አባባ፣ ጉበትዎ ሳያስፈልግ ሌሊት ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል፤ ይህ ክኒን እሱን ያረግበዋል። ብቻውን ሲወስዱት ስኳርዎን ከልክ በታች የሚጥል አይደለምና አይፍሩት። ሆድዎን እንዳይረብሽ ከምግብ ጋር ይውሰዱት። ሥራው በቀናትና በሳምንታት የሚታይ ስለሆነ ስኳርዎ ሲስተካከል አያቋርጡት፤ የተስተካከለው እየወሰዱት ስለሆነ ነው። ብርቱ ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ሲገጥምዎ ግን አቁመው ወደ እኛ ይምጡ።» የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ምክንያት አለው። ሜትፎርሚን ሳይለወጥ በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ፣ የኩላሊት የማጣራት ኃይል በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር በታች ሲሆን መሰጠት የለበትም። ለረዥም ዓመታት የወሰዱትንም የቫይታሚን ቢ12 ማነስ ምልክት እንዳይኖርባቸው መመርመር ይገባል፤ የእግር መደንዘዝ ሁሉ ከስኳሩ ብቻ የመጣ አይደለምና።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትችት ጥቂት የሚመስል ነገርን የሚመለከት ነው፤ በመድኃኒት ማዘዣ አጠገብ የሚነገር አንድ ግሥን። ነገር ግን ሕሙሙ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው መድኃኒቱንና ይህንኑ ቃል ብቻ ነው። በሚቀጥሉት ወራት ሲጾም፣ ሲታመም፣ መንገድ ሲሄድ፣ ሠርግ ሲጠራ የሚወስነው በዚህ ቃል ተመርቶ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ባለሙያ መድኃኒቱን ሲሰጥ ሦስት ጥያቄዎችን በአጭሩ ይመልስ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ ነው? ምግብ ቢቀር ምን ይከተላል? ኩላሊት ቢደክም መድኃኒቱ ምን ይሆናል? የማስተማሪያ ተቋማትም ተማሪዎቻቸውን በፈተና ሲጠይቁ ከሞለኪውሉ ስም ጋር እነዚህን ሦስቱን ቢጠይቁ መልካም ነው። ቁጥሩን ወደ ልኩ የሚመልሰው መድኃኒቱ ነው፤ ሕሙሙን ከልክ በታች ከመውደቅ የሚጠብቀው ግን ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የተሰጠው ማብራሪያ ነው።